አደራ ደብዳቤ

በላ ፕላታ ከተማ ጎዳና ስም የለው፣
ቁጥር ብቻ ነው፤ እኔም ሰው የማስታውሰው
በቁጥር ነው፣ ፖስተኛ ነኛ!
ሠላሳ ስምንት ማለት ያ ሪህ የያዘው ጡረተኛ፣
ሃምሳ ሦስት ማለት ቀለሙ የተላጠ በር፣ ጠባብ በረንዳ፣
ከነሹራብ ክሯ ዶኛ ኤርመሊንዳ።

ልጇን የወሰዱት በዓለም ዋንጫው ሰሞን፣
እንግዳ መጣ ተብሎ አጥር ኖራ ሲቀባ፣ የድሃው ሰፈር በሸራ ሲከደን።
ታርጋ የሌላት መኪና፣ አራት ሰው፣ ከረባት ያሰረ፤
ጥፋቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ
«የኬሚስትሪ መምህራችን የት ገባ?» ብሎ መጻፉ ነበረ።
ኦስማር። አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው።
እናት ጮኸች አሉ። ግን ያኔ ጎል ገባ፤
ከተማው ባንድ አፍ ሲጮህ የሷ ድምፅ እዚያው ሰጠመ።
እኔም ጮኼያለሁ። ምን ይዋሻል? ወንበር ላይ ቆሜ።

ከዚያ ወዲህ የማደርስላት ፖስታ አንድ ዓይነት ነው፤
ከፖሊስ፣ ከባሕር ኃይል፣ ከጳጳሱ ጽሕፈት ቤት፤
«የጠቀሱት ግለሰብ በመዝገባችን የለም፣ ከሰላምታ ጋር»፤
ማኅተሙ ክብ፣ ፊርማው ጭረት።
ሳትከፍተው ታውቀዋለች፣
ከክሩ ቅርጫት ሥር ትከተዋለች።

ሚያዝያ ላይ፣ ቅጠል ሲረግፍ
(እኛ ዘንድ ብርድ የሚገባው ያኔ ነው)
ሬዲዮው በማርሽ መሐል «ማልቪናስን አስመለስን» አለ።
በሳምንቱ መጀመሪያ ደመወዝ ጠይቆ ቆመጥ የቀመሰው፣
ፋሻው ሳይፈታ ባንዲራ ለብሶ አደባባይ ዋለ።
ባለሥጋ ቤቱ ሊሳንድሮ
የተሰቀለው ብልት ላይ ሳይቀር
ነጭና ሰማያዊ ጥብጣብ አሰረ።
ሴቶች የጋብቻ ቀለበት ለጦሩ ሰጡ።
እሷን ሹራብ ጠየቋት። ሠራች፣ አሥራ አንድ፤
«የሰው ልጅ ነው፣ ይበርደዋል» ብላ።

ኮሎኔሉ ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ
እጁን ወደ ባሕሩ ዘረጋ፦
«ቤታችን ገብተው የነጠቁን በሰላም አያድሩም!
የተወሰደው ይመለስ!»
ሕዝቡ፦ «ይመለስ!»
እሷም በነጭ ሻሿ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ፣
ከሁሉ አብልጣ፦ «የተወሰደው ይመለስ!»
አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ገባው።
ዱላውን አነሣ፣ አመነታ፣ አወረደ፤
በመንግሥት መፈክር ማን ይከሰሳል?
ቃሉ አንድ ነበረ፣ ፍቺው ግን ለየብቻ ሄደ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አደራ ደብዳቤ፣
ተፈርሞ የሚሰጥ።
«ለወጣት ኦስማር ሶልዳኖ፦
በሰባ ሁለት ሰዓት ውስጥ ለጦሩ ሪፖርት አድርግ፤
ብትቀር በሕግ ትጠየቃለህ።»
በመዝገብ የለም የተባለው ስም
ፊደል ሳይጎድልበት፣ ከነትውልድ ቀኑ።
በብስክሌቴ ሦስት ጊዜ መንደሩን ዞርኩት።
ቆማ አነበበችው። አላለቀሰችም። እስክሪብቶዬን ጠየቀችኝ፣
በወረቀቱ ጀርባም
«ልጄ ሪፖርት ካደረገ አራት ዓመት ሊሞላው ነው።
የሄደው በእናንተው መኪና ነው።
እናንተው ጋ ነው፤ ፈልጉት» ብላ
መልሳ አሸገችው።
«አደራ ነው አይደል?» አለች።
«አደራ ነው» አልኳት።

ሰኔ ሳያልቅ ደሴቶቹ ሄዱ።
ልጆቹን በሌሊት መለሷቸው፣ መስኮቱ በተሸፈነ አውቶቡስ፣
እግራቸው በውርጭ የጠቆረ፣ ምንም እንዳይናገሩ የፈረሙ።
ሬዲዮው ወደ ታንጎው ተመለሰ።
የሊሳንድሮን ጥብጣብ ዝናብ አጥቦት
ነጩ ከሰማያዊው አይለይም።

ጠዋት ጠዋት በረንዳዋ ላይ ናት፤
«መልስ አልመጣም?» ትለኛለች።
«የኔው ደብዳቤስ ደርሷል?»
«መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ።

ውሸት አይደለም።
ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ያንን ጽሑፍ ከነስሜ
በማን ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው?
ቦርሳዬ ሥር፣ ከጋዜጣው በታች፣ ጠርዙ ተልጧል፤
በየቀኑ ከሠላሳ ስምንት ተነሥቶ
ሃምሳ ሦስትን ያልፋል።